ወይራ የሸተተው ውሃ

ሰኔ 16 ቀን 1972

ዛሬ የውሃ ማጣሪያ ገዛሁ። ሐኪሙ ለባለቤቴ ለአልታየች የነገራት አጭር ነው፤ ውሃ አፍልታ ወይም አጣርታ ካልጠጣች አሜባው ይመለስባታል። ማፍላቱን ሞከርነው። ላምባ በራሽን ነው፣ ኩበቱም በዚህ ዝናብ አይደርቅም። የቦኖው ውሃ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጭቃ ለብሶ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ፈረጅ ሱቅ ሄድኩ።

ፈረጅ የአልዩ አምባ ሰው ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ፋኖስ፣ ቴርሞስና የምድጃ ክር ይሸጣል። ከጋዜጣ ሥራ ጡረታ ወጥቼ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ ደጃፉ ሳልቆም ያለፍኩበት ቀን ጥቂት ነው። ስሜን ትቶ “ጋሼ ጋዜጣ” ይለኛል። ዛሬም ገና ሲያየኝ፣ “ጋሼ ጋዜጣ፣ ምን ይላል ዛሬ? ስኳር ይመጣል ወይስ ስለ ስኳር ስብሰባ ነው የሚመጣው?” አለኝ። እንዲህ ያለውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚለው።

ማጣሪያው ሁለት ነጭ ድስት የሚመስል ዕቃ ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ይቀመጣል። በላይኛው ውስጥ ሻማ የሚሉት፣ ከሸክላ የተሠራ ነጭ ነገር ቆሟል። ውሃው በሻማው ሰርጎ ወደ ታችኛው ይንጠባጠባል። ፈረጅ የስድስት ወር ዋስትና ሰጠኝ፤ በወረቀት ሳይሆን በአፉ። “ቢሰነጠቅ፣ ቢያፈስ፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅህ ሌላ እሰጥሃለሁ። እሳት እንዳያይ ብቻ። እሳት ያየ ከሆነ የለሁበትም።” የውሃ ማጣሪያ ማን እሳት ላይ ይጥዳል ብዬ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ።

ሰኔ 18

አክስቴ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አልታየችን ሊያስታምሙ ከአንኮበር መጡ። የመሪጌታ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ሽሮ በከረጢት፣ የቀንድ ዋንጫ፣ አንድ እስር የወይራ ፍልጥ ይዘው ነው የመጡት። “እዚህ አገር ወይራ ይገኛል ብዬ አላምንም” አሉ።

ማጣሪያውን ዞረው ዞረው አዩት። ጎንበስ ብለው አሸተቱት። “ፋብሪካ ፋብሪካ ይላል” አሉ። ይለምዱታል።

ሰኔ 26

አልታየች ዛሬ ቂጣ በላች፤ አላስመለሳትም። ውሃው ጥሩ ነው። ልጅ ሆኜ አንኮበር የጠጣሁትን ይመስላል፣ ወይራ ወይራ ይላል። ከአክስቴ ዋንጫ ይሆናል። ሁለት ዋንጫ ጠጣሁ።

ሐምሌ 2

ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። ሻማው ከመጥቆሩ የተነሣ ጥላሸት ይመስላል። ይህን ሁሉ እድፍ ስንጠጣ ኖረናል ማለት ነው።

ለፈረጅ ነገርኩት፤ ደስ አለው። “ለሌላውም ንገር። አንተ ከተናገርክ ጋዜጣ ወጣ ማለት ነው” አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለኝ የለም። ለሰው ሁሉ ተናገርኩ።

ሐምሌ 8

አልታየች አሜባው ተመለሰባት። ሌሊቱን ስትወጣ ስትገባ አደረች። ዝናብ። ሽንት ቤቱ የግቢው ጫፍ ነው። ጃንጥላ ይዤ አብሬያት ቆምኩ።

ሐምሌ 9

ማጣሪያውን ፈታሁት። ሻማው ከሥሩ የተጣበቀበት ሙጫ ዙሪያውን ለቋል፤ ጥፍር ያስገባል። ውሃው ሳይጣራ በዚያ ሲወርድ ሰንብቷል። ሰሞኑን የታችኛው ዕቃ ቶሎ ቶሎ ይሞላ ነበር። እኔ “ሥራውን ለመደ” ብዬ ቀልጄበት ነበር።

አልታየች ግድግዳውን ተደግፋ ነው የምትሄደው። ሰሞኑን ፊቷ መለስ ብሎላት የነበረች ሴት። ውሃውን በእጄ እየቀዳሁ ያጠጣኋት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 10

ሻማውን በጨርቅ አጥቤ ወደ ፈረጅ ወሰድኩት። ረመዳን ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። ወደ ብርሃን አውጥቶ አገላበጠው፣ ሙጫውን በጥፍሩ ነካካው።

“ጋሼ፣ ይሄ ሙጫ ቀልጦ ነው የለቀቀው። እሳት አይቷል።”

እኔ ቤት እሳት እንዳላየ ነገርኩት። “ወላሂ አይቷል” አለ። “እስቲ ቤት ጠይቅ።”

ጠየቅኩ። ማጣሪያውን እሳት ላይ የጣደ አለ ወይ አልኳቸው። አልታየች የለም ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አክስቴ ተቆጡ፤ “የውሃ ዕቃ እሳት ላይ? አብጃለሁ እንዴ?” አሉኝ። አክስቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም።

ሐምሌ 11

ተመልሼ ሄድኩ። ቤት ጠይቄያለሁ፣ እሳት አላየም አልኩት። ሁለት ገበያተኞች ቆመዋል። ፈረጅ መጀመሪያ በቀስታ፣ በኋላ ከፍ አድርጎ ያንኑ ደገመልኝ። ሌላ ሻማ አለኝ፣ መስጠቱም አይጎዳኝም፣ ግን ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ብዬ አልሰጥም አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ “ጋሼ ጋዜጣ፣ ጋዜጣም እኮ አንዳንዴ እርማት ያወጣል” አለኝ።

ገበያተኞቹ ሳቁ።

በእኔ ዴስክ ያለፈ ጽሑፍ እርማት የወጣበት ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። ይህን ሊያውቅ አይችልም። ቢሆንም መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ።

ሐምሌ 12

ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ማመልከቻ ጻፍኩ። አንድ ገጽ፣ ያለ ስድብ። “አውቆም ይሁን ሳያውቅ የተበላሸ ዕቃ ሸጦልኛል” ብዬ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ረዘመብኝ። “አውቆ” የሚለውን እንዳለ ትቼ “ሳያውቅ” የሚለውን ሰረዝኩ። አሁን ይነበባል።

አልታየች ከአልጋዋ ሆና አነበበችው። “ፈረጅ እኮ ነው” አለች። ሌላ ሻማ ይስጠን ነው እንጂ ሌላ ምን አደርገዋለሁ አልኳት።

ሐምሌ 16

ሸንጎው ዛሬ ተቀመጠ። የቀበሌው ሊቀመንበር ገብረአማኑኤል ማመልከቻዬን ራሱ ተነሥቶ አነበበው። ጥሩ ያነባል። “አውቆ” የሚለው ላይ ሲደርስ ቆም አለና ሰዉን አየ።

ፈረጅ ያለውን አለ። እሳት እንዳያይ አስጠንቅቄያለሁ፣ ሙጫው ደግሞ ቀልጧል፣ አለቀ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ እሳት ነክቶት እንደሆነ ጠየቀኝ። አልነካውም አልኩ። ሲሸጥልዎት አስጠንቅቆዎታል ወይ አለኝ። “ቀልድ በሚመስል ሁኔታ አንድ ነገር ብሏል” አልኩ። ይህ ትክክል ነው፤ ሁለታችንም ስቀን ነበር። ፈረጅ ዞር ብሎ አየኝ።

ከዚያ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ሊቀመንበሩ ስለ ሕዝብ ጤና ተናገረ፤ ከዚያ ስለ ስግብግብ ነጋዴ፤ ከዚያ “አሻጥር” የሚለው ቃል መጣ። የጠየቅኩት ሻማ ብቻ ነው ለማለት እጄን አወጣሁ። ሊቀመንበሩ፣ “ጓድ ዘርአ ዳዊት፣ እናመሰግናለን፣ የእርስዎ ድርሻ ተፈጽሟል” አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እጄን አወረድኩ።

ሐምሌ 17

ሱቁ ታሸገ። ፈረጅ የቀበሌው እስር ቤት ነው። ማጣሪያው በኤግዚቢትነት ተይዟል።

ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚሆነው።

ሐምሌ 21

የፈረጅ ባለቤት ዙቤዳ ወደ እስር ቤቱ የምትሄደው በእኛ በር ነው። ሌላ መንገድ የለም። ፀሐይ ስትገባ፣ የሚያፈጥርበትን በሳህን ሸፍና፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ታልፋለች። ዝናብ ሲጥል ሳህኑን በጃንጥላ ትከልላለች፤ እሷ ትበሰብሳለች። አክስቴ በር ላይ ከተገኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። በዚያ ሰዓት እኔ ጓዳ ሥራ አላጣም።

ሐምሌ 25

አልታየች ይሻላታል። መድኃኒቱ ይዟታል። ውሃ በላምባ እናፈላለን፤ ሊቀመንበሩ ከራሽን በላይ ላምባ እንዲሰጠኝ አዟል። አልጠየቅኩትም። አልመለስኩትምም።

ሕብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ፣ “ሰውዬው ዱላ እንኳ አላነሳበትም፣ አንድ ወረቀት ነው” አለ። ሌላው፣ “ብዕር ያለው ጎረቤት አይስጥህ” አለ። ዞሬ ባያቸው አውቃቸው ነበር። ስላልዞርኩ አላወቅኳቸውም።

ማታ ሊቀመንበሩ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መዝጊያ የሚያነበውን ንግግር እንዳርምለት ላከብኝ። “እንዲህ የሚጽፍ ሰው እዚሁ ጉያችን ነበር ለካ” ብሏል። አረምኩለት። በንጉሡ ጊዜ ጋዜጣ ላይ የሠራ ሰው እንዲህ ሲባል ትከሻው ትንሽ ይቀለዋል። ደስ አላለኝም አልልም።

ሐምሌ 29

ሰነዱ ወደ አውራጃ ሄደ አሉ። ፈረጅ ግን እዚሁ ነው፤ ያስላል ይባላል። የእስር ቤቱ ወለል አፈር ነው።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

በቀስታ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ፋታ ሰጠ። አክስቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ገል ላይ የወይራ ፍም አድርገው፣ አዲስ የውሃ ማሰሮ በአፉ ደፍተውበታል። ጭሱ ከማሰሮው ከንፈር ሥር እየሾለከ ይወጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ስለሆነ አልፌ ልገባ ነበር። ሽታው ያዘኝ።

“አክስቴ፣ ያንን ማጣሪያም አጥነውት ነበር?”

“ታዲያስ! ላልታጠነ ዕቃ በሽተኛ ይሰጣል? ቅዳሜ ቅዳሜ አጥነው ነበር።”

“ሻማውን አውጥተው?”

“እንደሚወጣ ማን ነገረኝ? ከነሻማው ነው የደፋሁት።”

“እሳት አላየም ብለውኝ ነበር።”

“እሳት መች አየ?” አሉ፤ እንደ ሞኝ እያዩኝ። “ጭስ ነው ያየው።”

ምነው አሉኝ። ምንም አልኳቸው።

የተገለበጠ ዕቃ፣ ከሥሩ የወይራ ፍም፣ የፍሙ ትኩሳት ሙጫው ላይ። ሻማው የጠቆረው በከተማው ውሃ አልነበረም። ወይራውን በምላሴ አውቄው፣ እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌው፣ ምንጩን ለዋንጫ ሰጠሁት። ዕድሜዬን ሰው ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ቤቴ ውስጥ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነበር፤ እሱም የፈረጅን ቃል መድገም ነው። “ምን አደረጋችሁበት?” ብል ኖሮ አክስቴ ሁሉንም በኩራት ይነግሩኝ ነበር።

ነሐሴ 3

ነገ ለሊቀመንበሩ እነግረዋለሁ።

ነሐሴ 4

እሑድ መሆኑን ረስቼ ነበር። ቢሆንም ቀበሌው ክፍት ነበር። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው፣ ይወጣል፣ ይቀመጡ ብለው ወንበር ሰጡኝ። አልተቀመጥኩም።

ነሐሴ 5

ለአልታየች ነገርኳት። ሂድና ንገራቸው አለችኝ። እንደ ቀላል ነገር። ሰነዱ አውራጃ መድረሱን፣ ቃሉን የሚቀይር ሰው “ማን ገዛህ” እንደሚባል አስረዳኋት። ፍልሰታ ይለፍ፣ ነገሩ ይብረድ አልኩ።

“ለራስህ ፈርተህ ነው?”

ለአክስቴ ነው አልኳት። ዕድሜያቸውን፣ የመሪጌታ ሚስት መሆናቸውን፣ ሸንጎ ፊት መቆም እንደማይገባቸው ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። የማይመለስ መከራከሪያ ነው መሰለኝ።

ነሐሴ 6

ዒድ ነው። ዙቤዳ ዛሬ በቀን መጣች፤ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ሁለት ሳህን ይዛ። ጥቂት ቆይታ ሳህኖቹን እንደያዘች ተመለሰች። ለበዓሉ ጠባቂው ተቀይሮ አላስገባትም። እኛ በር ላይ ስትደርስ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። አክስቴ ውሃ ይዘው ወጡ። እሳቸው ጾም ናቸው፣ ዛሬ እሷ ፈትታለች።

መስኮቱ ክፍት ነበር። አክስቴ፣ ለመሆኑ ይህ ሰው ምን አድርጎ ነው ብለው ጠየቋት። ዙቤዳም ነገረቻቸው። ዕቃው ሙቀት ነክቶት ሙጫው ቀልጧል ብሏል፣ አላመኑትም። ሌላ ጥፋት የለበትም።

“ሙቀት?” አሉ አክስቴ።

ከዚያ ዙቤዳ ተነሥታ ሄደች። አክስቴ ገቡና እኔ የተቀመጥኩበት ፊት ለፊት ቆሙ።

“የጭስ ሙቀትም ሙቀት ነው?”

“አዎ።”

“ታውቅ ነበር?”

“ከዓርብ ጀምሮ።”

ማታ ሽሮውን አቀረቡልኝ፤ እሳቸው አልቀመሱም።

ነሐሴ 7

ስነሣ አክስቴ የሉም። ገሉም የለም፣ ወይራውም የለም።

ቀበሌው ግቢ ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። አክስቴ ከሊቀመንበሩ ቢሮ ደጃፍ እንደ ቤታቸው ተቀምጠው፣ ፍሙን አያይዘው፣ ከኤግዚቢት ክፍል ያስወጡትን ማጣሪያ ደፍተውበታል። እንዴት እንዳስወጡት እስካሁን አላወቅኩም። “እንዲህ ነው ያደረግሁት” ይላሉ። “የታሰረውን ፍቱና እኔን እሰሩ። ፈረጅ ምን በወጣው።” ከሰዉ አንዱ፣ “እማማ፣ ማጣሪያ ነው እንጂ የጠላ ጋን መሰለዎት?” አላቸው። ሰው ሳቀ። አክስቴም፣ “ከጋን በምን ይበልጣል?” አሉ።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ሰነዱ አውራጃ ነው፣ ከእኔ እጅ ወጥቷል አላቸው። “ወረቀቱ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ፣ እግር አለኝ” አሉት። ያኔ አየኝ።

“ጓድ ዘርአ ዳዊት፣ እውነት ነው?”

“እውነት ነው።”

“መቼ አወቁ?”

“ሰሞኑን” አልኩ።

አክስቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ መልሰው ፍሙን ማራገብ ጀመሩ።

ነሐሴ 8

አውራጃ ዋልን። ዝናብ። አክስቴ በቆርቆሮው ሥር ጸሎት እያደረሱ፣ እኔ ከጎናቸው። ከሰዓት በኋላ አንድ መቶ አለቃ አስገባን። ቃሌን በራሴ እጅ እንድጽፍ ፈቀደልኝ። ሁሉንም ጻፍኩ። ሲሸጥልኝ በግልጽ እንዳስጠነቀቀኝ፤ “አውቆ” የሚለው ቃል ያለ ማስረጃ የጻፍኩት የራሴ ቃል መሆኑን፤ ያወቅኩትም ባለፈው ዓርብ መሆኑን። መቶ አለቃው አይቶት፣ አይረዝምም ወይ፣ ቢያጥር አለ። አይቻልም አልኩት።

ያሰረኝ የለም፤ ይልቅስ መቶ አለቃው አመሰገነኝ። “ለእውነት የቆሙ” አለኝ። ባይለኝ ይሻል ነበር።

ነሐሴ 20

ፈረጅ ተፈታ፤ ማጣሪያውም ለእኛ ተመለሰልን። የአልዩ አምባ ሽማግሌዎች መጥተው ዋስ ሆኑት። የሱቁ ዕቃ ግን ቀደም ብሎ ለሕብረት ሱቅ ተላልፏል፤ አብዛኛው ተሸጧል። በኋላ ይታያል ተብሏል። የሱቁ ቤትም ለሌላ ተሰጥቷል። ድሮ እሠራበት የነበረው ጋዜጣ እርማት ሲያወጣ በውስጥ ገጽ፣ ከማስታወቂያዎቹ ሥር ነበር። የፊት ገጹን ያነበበ ሁሉ እዚያ አይደርስም።

ነሐሴ 23

ፈረጅ ቤት ሄድኩ። የምለውን መንገድ ላይ አሰናድቼ ነበር፤ ጥሩ አጭር ነበር። ዙቤዳ በር ላይ ሆና ተኝቷል አለችኝ። ከውስጥ ሲያስል ሰማሁ፤ የነቃ ሰው ሳል ነው። ይረፍ አልኳት። ሰላምታዬን ንገሪው አላልኩም።

ጳጉሜን 3

ዙቤዳ መጣች፤ አክስቴን ብላ። አዲስ ሻማ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣች። ፈረጅ ቤቱ ያስቀመጠው አንድ ነበር። “ስድስት ወሩ አላለቀም ብሏል” አለቻቸው።

“ልጄ፣ እሳት ያየ ከሆነ የለሁበትም ብሎ የለም?”

“እሳት አላየም፣ ጭስ ነው ያየው ብለዋል አሉ እርስዎ።”

ሁለቱም ሳቁ፤ እስኪያስነባቸው ሳቁ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ዙቤዳ ስትወጣ፣ “እባክዎ እንዳያጥኑት” ስትል ሰማሁ። አክስቴ በማርያም ማሉላት።

መስከረም 5 ቀን 1973

አክስቴ ዛሬ ወደ አንኮበር ተመለሱ። ወደ ጎረቤላ የሚሄደው መኪና ላይ ላሳፍራቸው ወረድኩ። ፈረጅና ዙቤዳም እዚያ ነበሩ፤ አንድ ሳጥንና የተጠቀለለ ፍራሽ ይዘው። ከጎረቤላ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ በበቅሎ ይወርዳሉ። ፈረጅ ከስቷል፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል። አክስቴን ሲያይ እንደ እናቱ ትከሻቸውን ሳመ። ከሾፌሩ አጠገብ ቦታ ለምኖ እጃቸውን ይዞ አወጣቸው። “እማማ፣ ሞተሩ ሲጨስ አይፍሩ፣ ወይራ አይደለም” አላቸው። አክስቴ በዱላቸው ነካ አደረጉት።

ሾፌሩ ጥሩንባ እስኪነፋ እዚያው ቆምኩ። ፈረጅ መወጣጫው ላይ እግሩን አድርጎ ዞረ። አየኝ። የሆነ ነገር እስኪለኝ ጠበቅኩ። ጋዜጣው ዛሬ ምን ይላል ቢለኝ የምመልሰው አዘጋጅቼ ነበር።

“ደህና ይሁኑ፣ አቶ ዘርአ ዳዊት” አለኝ።

ቤት ገብቼ ከማጣሪያው አንድ ብርጭቆ ቀዳሁ። አልታየች ከበረንዳው ሆና እንዴት ነው አለችኝ። ጠጣሁት። ንጹሕ ነው። ምንም ምንም አይልም።